የማታውቁትን ሐይቅ አሳንሱት፤ ስለ መስኪ ጉዞ ለቀረበልኝ ጥያቄ

ጥያቄው ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው የመጣው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን። ዋልአይና ፓይክ ማጥመድ ለምደናል፤ መስኪ የሚባለውን ትልቅ የፓይክ ዘመድ ግን አንድም ቀን ይዘን አናውቅም። ኦገስት አጋማሽ ላይ የሳምንት ፈቃድ ወስደናል። 17 ጫማ ጀልባ አለን። በሰባት ቀን የሚኒሶታ ሐይቆችን፣ ሚል ላክስን፣ ሊች ሌክን፣ ካስ ሌክን፣ ቨርሚሊየንን፣ ከዚያም ዊስኮንሰን ተሻግረን ቺፕዋ ፍሎዌጅን ለማዳረስ አስበናል። ወንዝም ብንሞክር ደስ ይለናል። አንዱንም አናውቀውም። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፤ ከዓሣ ጋር አዲስ አይደለሁም። እንዴት እናቅድ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የመጀመሪያው ዓመቴ ትዝ አለኝ። እኔም እንደ እናንተ ረጅም ዝርዝር ነበረኝ። ቨርሚሊየን ላይ ሦስት ቀን ቆየሁ። ሐይቁ ወደ 40,000 ኤከር ይጠጋል፤ ደሴቱ አይቆጠርም። ከጫፍ ጫፍ ሮጥኩበት። ካርታው ላይ ዓይኔን የሳበው ቦታ ሁሉ ጋ አሥር ጊዜ ወርውሬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ቤንዚኑ አለቀ፣ ክንዴ ዛለ፣ የመስኪ ጥላ እንኳ አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ማታ ጀልባዬን ሳወጣ አንድ አዛውንት አጠገቤ የራሳቸውን ያወጡ ነበር። ስንት ቦታ እንደሞከርኩ ነገርኳቸው። «እኔ ዛሬ የሄድኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው» አሉኝ። «ግን እያንዳንዱ ጋ አራት አራት ጊዜ ተመለስኩ።» ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኝ ዓሣ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን ሰመር ላይ ሰው ይዤ እወጣለሁ። ላልለመደው ውኃ ለሚዘጋጅ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ውኃውን አሳንሱት። እንግዳ ሐይቅን በሰባት ቀን ማወቅ አይቻልም። ከሐይቁ ትንሽ ቁራጭ ቆርሶ እሷን ማወቅ ግን ይቻላል።

ምክንያቱ ዓሣው ራሱ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ መረብ ሲወጣ አይተሃል። ቆሮሶው በብዛት ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቦታ ባዶ ከሆነ ሌላው ይሞላል። መስኪ እንደዚያ አይደለም። በብዙ ሐይቆች ላይ በአንድ ኤከር አንድ አዋቂ መስኪ እንኳ አይደርስም። ብቻውን አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ነው። አሜሪካኖች «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ማጥመጃህ አጠገቡ እያለፈ ቀኑን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል፤ ከዚያ ድንገት ለግማሽ ሰዓት ይቆጣል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ስትመጣ ዓሣው ያለበት ቦታ ላይ መገኘት ነው ቁም ነገሩ። አምስት ሐይቅ የሚያዳርስ ሰው ያንን ሰዓት መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዊስኮንሰንን ከዝርዝሩ አውጡት። ቺፕዋ ፍሎዌጅ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ስመ ጥር ውኃ ነው። ግን ሌላ የማጥመድ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ፣ ሕጉም ይለያል። ዊስኮንሰን ውስጥ በአብዛኛው ውኃ ይዞ ለመሄድ የሚፈቀደው መስኪ ትንሹ ርዝመት 40 ኢንች ነው፤ ሚኒሶታ ግን በጠቅላላው 54 ኢንች ነው፣ ከመቶ ሠላሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር አያንስም። የሚኒሶታው የመስኪ ማጥመጃ ወቅት ከጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 1 ነው፤ እናንተ በደንብ ውስጡ ናችሁ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ክር ብቻ ነው ውኃ ውስጥ ማስገባት የሚችለው። ሦስት ሰው ሦስት ክር፣ በቃ። የዓመቱን የሕግ መጽሐፍ ግን ራሳችሁ አንብቡት፤ አንዳንድ ውኃዎች የራሳቸው ደንብ አላቸው።

መስኪን ከፓይክ መለየትም ከመሄዳችሁ በፊት ልመዱ። ፓይክ ጥቁር አረንጓዴ ገላ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለው። መስኪ ተገላቢጦሽ ነው፦ ነጣ ያለ ገላ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ወይም መስመር። አንዳንዱ ጭራሽ ምልክት የለውም። ከተጠራጠራችሁ የታችኛውን መንጋጋ ሥር እዩ። እዚያ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በአንድ ጎን ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ መስኪ ነው፤ አምስትና ከዚያ በታች ከሆኑ ፓይክ።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ብሆን ማረፊያዬን ዎከር ከተማ ወይም ካስ ሌክ አካባቢ አደርጋለሁ። ከዚያ ሊች ሌክ አለ፣ ካስ ሌክ አለ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ላይኛው ክፍልም አለ። ሦስቱም በመኪና ቅርብ ናቸው። መስኪውም ሰው ያመጣው አይደለም፤ ከጥንት የነበረ ነው። ስሙ ራሱ ከዚያው አገር ሰዎች፣ ከኦጂብዌዎች ቋንቋ የመጣ ነው። ሚል ላክስና ቨርሚሊየን ላይ ያለው መስኪ ግን በአብዛኛው ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጫጩትነቱ የተጨመረ ነው። የሊች ሌክ ዘር በጣም ስለሚያድግ ነው ለዚህ የተመረጠው። እነዚያም ግዙፍ ዓሣ ይሰጣሉ፤ የአሁኑ የክፍለ ግዛቱ ክብረ ወሰን፣ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ፣ በኖቬምበር 2021 ሚል ላክስ ላይ ነው የተያዘው። ግን ሚል ላክስ 132,000 ኤከር የሆነ፣ እንደ ትሪ የተዘረጋ ውኃ ነው። ንፋስ ሲነሳ የሚሸሸግበት የለም። ለመጀመሪያ ጉዞ፣ በ17 ጫማ ጀልባ፣ ሦስት ሰው ሆኖ፣ አልመክርም።

ሊች ሌክም ትልቅ ነው፤ ከ100,000 ኤከር ይበልጣል። ግን ቅርጹ የተቆራረጠ ነው። ብዙ ጉያ አለው፣ ወደ ውስጥ የገቡ የመሬት ጫፎች አሉት። ዎከር ቤይ የሚባለው ምዕራባዊ ክፍል ከ100 ጫማ በላይ ይጠልቃል፤ አብዛኛው የቀረው ክፍል ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ሣርና ድንጋይ አለው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ለመቁረስ ያመቻል።

አቆራረሱን ቤት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ «ሌክ ፋይንደር» የሚባል አለ። የሐይቁን ስም ስትጽፉ የጥልቀት ካርታውን፣ ምን ዓሣ እንዳለበት፣ መቼ ምን እንደተጨመረበት ያወጣል። በነፃ ነው። ካርታው ላይ የጥልቀት መስመሮቹን ተከተሉ። መስመሮቹ ተራርቀው ቆይተው ድንገት የሚጠጋጉበት ቦታ ገደል ነው። ሰፊ ጥልቀት የሌለው ሜዳ፣ ከጎኑ ገደል፣ መካከሉ ላይ ሣር ወይም የድንጋይ ክምር ካለ መስኪ የሚያደፍጥበት ነው። በተለይ ቅጠለ ሰፊው ሣር፣ ዓሣ አጥማጆች «ካቤጅ» የሚሉት፣ ካለ ደግሞ ቀዩን እስክሪብቶ አውጡ።

የሚበላውንም እዩ። እነዚህ ሐይቆች ውስጥ ቱሊቢ የሚባል ስብ የበዛበት ዓሣ አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወድ ሰመር ላይ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ትልልቁ መስኪ አንዳንዴ እሱን ተከትሎ ከሣሩ ይርቃል። ለዚህ ነው ከምትመርጧቸው ቦታዎች ቢያንስ አንዱ ጥልቅ ውኃ አጠገብ ይሁን የምለው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ቁራጭ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ ከሦስትና አራት ኪሎ ሜትር አይብለጥ። አንዱ የምዕራብ ንፋስ ሲነፍስ የሚከለል ይሁን፣ አንዱ የደቡብ፣ አንዱ የሰሜን። በየቁራጩ ውስጥ አራት አምስት ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ካርታውን እጠፉት። ሌላው ሐይቅ ለእናንተ የለም።

ቀጥሎ ስልክ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊትና እንደገና ዋዜማው ላይ፣ በአካባቢው ላለ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ደውሉ። «መስኪ የት ነው ያለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም በስልክ አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁም ያ ቦታ በሰው ተጨናንቋል። ይልቅ «የውኃው ሙቀት ስንት ነው? ሣሩ ስንት ጫማ ላይ ያበቃል? ውኃው ጠርቷል ወይስ አረንጓዴ ሆኗል?» በሏቸው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል። ሣሩ 12 ጫማ ላይ ያበቃል ካሏችሁ፣ ምልክት ያደረጋችሁበትን ቦታ ሁሉ በዚያ መስመር ታስተካክላላችሁ። ስትደርሱ ደግሞ ከዚያው ሱቅ ዕቃ ግዙ። አቅማችሁ ከቻለ የመጀመሪያውን ቀን የአካባቢ አስጎብኚ ቅጠሩ። ለሦስት ሲካፈል ይቀላል፤ የአምስት ቀን መንከራተት ያሳጥራል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዘንግ አታንሱ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ዛሬም እጄን ያሳክከኛል። ግን ከሦስቱ ቁራጭ አንዱን ቀስ ብላችሁ ዙሩት። ሣሩ የሚያበቃበትን ጠርዝ የውኃውን ሥር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በሶናሩ፣ እየተከተላችሁ ነጥብ አስቀምጡ። ካርታው ላይ የሌለ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ጠርዙ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ጉያ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለች ትንሽ ለውጥ ላይ ነው ዓሣው የሚቆመው። ከሰዓት በኋላ መወርወር ጀምሩ።

ሦስት ሰው መሆናችሁ ፍለጋ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሦስታችሁም አንድ ዓይነት አትወርውሩ። አንዱ ከውኃው በላይ የሚንቦጫረቅ፣ አንዱ ሁለት ትልልቅ የሚሽከረከሩ ሳህኖች ያሉት ባክቴይል፣ አንዱ ጠለቅ የሚል የጎማ ዓሣ። ከጀርባችሁ ማን እንዳለ ሳታዩ ግን ዘንግ አትሰንዝሩ። እነዚህ ማጥመጃዎች መንጠቋቸው እንደ ጣት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። መስኪ ከመንከሱ በፊት ብዙ ጊዜ ይከተላል። ማጥመጃው ጀልባው ጋ ሲደርስ አታውጡት። የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ከጫፉ አንድ ጫማ ያህል ክር ትታችሁ፣ ትልቅ የ8 ቁጥር ሣሉ። ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ እንዲህ ረጅም ዓሣ መታጠፍ አይችልም። መታጠፊያው ላይ ፍጠኑ። በእያንዳንዱ ውርወራ፣ ዓሣ ባታዩም። አንድ ማታ አብሮኝ የወጣ ልጅ ደክሞት ማጥመጃውን ሊያወጣ ሲል «አንዴ ዙርበት» አልኩት። ውኃው ጥቁር ነበር፣ ምንም አይታይም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መጀመሪያ አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። የተከፈተ አፍ ነበር። ከዚያ ዘንጉ እስከ ሪሉ፣ እስከ ክር መጠቅለያው ድረስ ውኃ ውስጥ ገባ። ልጁ ድምፁ ጠፍቶበት «እ... እ...» ይል ነበር።

ተከትሎ ያልነከሰ ዓሣ የጠፋ ዓሣ አይደለም። አድራሻውን ነግሯችኋል። ማስታወሻ ያዙና ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ጥልቀቱን፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ፣ ምን እንደተከተለ። ወዲያው አታሳድዱት። ቦታውን አሳርፋችሁ ሰዓቱ ሲደርስ ተመለሱ። ሰዓቱ ማለቴ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ፣ ጨረቃ ስትወጣና ስትገባ፣ አየሩ ሊለወጥ ደመና ሲሰበሰብ ነው። የጨረቃው ነገር ብዙ ያከራክራል፤ እኔ ግን ከማስታወሻዬ ተነስቼ አምንበታለሁ። ኦገስት ላይ፣ ውኃው የጠራ ከሆነ፣ ከመሸ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ከቀኑ ሙሉ ይበልጣል። መብረቅ ካያችሁ ግን ሳትከራከሩ ውጡ።

ወንዙን ለንፋስ ቀን አስቀምጡት። ሐይቁ ነጭ አረፋ ሲይዝ ሊች ሌክ ላይ ጀብደኛ አትሁኑ። ሚሲሲፒ እዚያ አካባቢ ጠባብ ነው። ካስ ሌክንና ዊኒቢጎሺሽን አቋርጦ ነው የሚወርደው። ታንኳ ተከራዩ፤ ሁለት መኪና ካላችሁ አንዱን መውጫው ላይ አቁሙ። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከመሄዳችሁ በፊት የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የወንዝ መለኪያዎችን ድረ ገጽ ላይ እዩ። በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ውኃ እንደሚያልፍ ያሳያል፣ ከወትሮው ጋርም ያነጻጽራል። ድንገት ከጨመረና ከደፈረሰ ለዚያ ቀን ተዉት።

ወንዝ ውስጥ ዓሣው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ግን ይነበባል። መስኪ ከወራጁ ጋር መታገል አይወድም። ጥልቅ ገንዳ፣ የወደቀ ዛፍ ጀርባ፣ ትልቅ ድንጋይ ከኋላው የሚፈጥረው ጸጥታ፣ ገባር የሚገባበት አፍ፣ እነዚህ ላይ ብቻ ወርውሩ። አፉን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ማጥመጃው ከላይ ወደ እሱ ይውረድለት። የሕይወት ጃኬት ሦስታችሁም ልበሱ፤ ጀልባው ሥር ማስቀመጥ መልበስ አይደለም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ የመረጣችሁት ወር። ኦገስት ውኃውን ያሞቀዋል። ጁላይ 1955 ላይ ሊች ሌክ ውስጥ በሞቃትና ንፋስ በሌላቸው ቀናት መስኪው አብዶ ነበር። ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር አውጥቶ፣ አሰልፎ ሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሳ። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። እነሱን ሳይ ልቤ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ዓሣ 50 ኢንች ለመድረስ አሥር ዓመትም አሥራ አምስት ዓመትም ሊፈጅበት ይችላል። ዛሬ የምንይዘውን እንለቃለን፤ በሙቀት ጊዜ ግን መልቀቅ ብቻውን አያድነውም። ሞቃት ውኃ ኦክሲጅኑ ያንሳል፣ ዓሣው ታግሎ ሲደክም ማገገም ያቅተዋል። እየዋኘ ሄዶ ማታ ይሞታል። ስለዚህ የላይኛው ውኃ 80 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም 27 ሴልሺየስ ገደማ ከደረሰ መስኪ ማጥመድ አቁሙ። እኔ 78 ላይ ነው የማቆመው። ያን ቀን ፐርችና ብሉጊል አጥምዱ፤ ለምጣዱም ይሆናል።

ዕቃው ላይ አላበዛም። ከ80 ፓውንድ የማያንስ የተጎነጎነ ክር፣ የዓሣው ጥርስ የማይበጥሰው ሊደር (ክሩንና ማጥመጃውን የሚያገናኝ ጠንካራ ማሰሪያ)፣ ስምንት ጫማ ተኩል ወይም ከዚያ የሚረዝም ዘንግ። ማጥመጃ ተበደሩ፣ ስድስት ሰባት ይበቃል። የማይቀነሰው የማላቀቂያው ዕቃ ነው፦ ትልቅ የጎማ መረብ፣ አፉ ረጅም ፒንሳ፣ መንጠቆ የሚቆርጥ ጠንካራ መቁረጫ። እነዚህ ከሌሉ አትውጡ።

ዓሣው መረብ ውስጥ ሲገባ አታውጡት። መረቡ ውኃ ውስጥ ይቆይ፤ ዓሣው እዚያው ይተንፍስ። መንጠቆው ጠልቆ ከገባ አትታገሉት፣ ቁረጡት። መንጠቆ ይገዛል። ፎቶ ከፈለጋችሁ ካሜራው መጀመሪያ ይዘጋጅ። ከዚያ አንድ እጅ መንጋጋው ሥር፣ አንድ እጅ ሆዱ ሥር፣ አግድም አድርጋችሁ አንሱት፤ በመንጋጋው ብቻ አታንጠልጥሉት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ መልሱት። ጅራቱን ያዙለት። ዝግጁ ሲሆን ራሱ ይነግራችኋል፤ እጃችሁን ገፍቶ ነው የሚሄደው።

ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ስትሄዱ ደግሞ የጀልባውን ሥር መድፈኛ አውልቁ፣ ውኃውን በሙሉ አፍስሱ፣ ትሬለሩ ላይ የተንጠለጠለ ሣር ሁሉ ልቀሙ። ሕግ ነው፤ ዜብራ መስል የሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በዚህ ነው ሐይቅ ከሐይቅ የሚዛመተው። የምትከራዩት ታንኳ ከዚያው ከወንዙ መሆኑ ይህን ሥራ ይቀንስላችኋል።

ሰባቱን ቀን እንዲህ አድርጉት። ሁለት ቀን ሊች ላይ አንድ ቁራጭ፣ አንድ ቀን ሁለተኛው ቁራጭ፣ ንፋሱ የፈቀደ ቀን ካስ ሌክ፣ ንፋሱ የከለከለ ቀን ወንዝ። አንድ ቀን ተኙ፤ ሲደክማችሁ የ8 ቁጥሩን መሣል ትተዋላችሁና። የመጨረሻውን ቀን አዲስ ቦታ አትሞክሩ። ማስታወሻውን ክፈቱና ትልቁ ዓሣ የተከተላችሁበት ቦታ ሂዱ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ።

ሣሩ ስንት ጫማ ላይ እንደሚያበቃ ስትሰሙ ጻፉልኝ፤ ከምትመርጧቸው ሦስት ቁራጮች ካርታ ጋር። ከመሄዳችሁ በፊት አብረን እናየዋለን።